መጀመሪያ ብሎን፣ ቀጥሎ ቫልቭ፦ የሞዴል አውሮፕላን ፎር ስትሮክ ሞተር እንዴት ይስተካከላል?

ሞዴል አውሮፕላን የሚያበር ሰው አንድ ቀን ፎር ስትሮክ ሞተር (ፒስተኑ አራት ጊዜ ሲመላለስ አንድ ጊዜ የሚያቀጣጥል) ያምረዋል። ቱ ስትሮኩ እንደ ንብ ይጮሃል። ፎር ስትሮኩ ግን እንደ ትልቁ አውሮፕላን ያጉረመርማል። ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ድምፁን የሰማ ሰው አይረሳውም። ታዲያ ይህ ሞተር አብዛኛው የሞዴል ቱ ስትሮክ የማያውቀው ሥራ ይዞ ይመጣል። ቫልቭ አለው፤ ነዳጅና አየር የሚገባበትን፣ ጭስ የሚወጣበትን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል ማለት ነው። ቫልቭ ካለ ደግሞ ክፍተቱን መለካት አለ።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ ይፈራዋል። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ የእጅ ሰዓት የሚጠግኑ ይመስላቸዋል። በቅደም ተከተሉ ከሄዳችሁ ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል። ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ መንካት ነው። ሁለተኛው፣ ብሎኖቹን ሳያጠብቁ ወደ ቫልቩ መሄድ ነው። ሁለቱንም ከነምክንያታቸው እነግራችኋለሁ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ቅደም ተከተሉን አይረሳም።

ለምሳሌ የምወስደው የጃፓኑን ኦ.ኤስ. ሰርፓስ ሞተር ነው። ኦ.ኤስ. በ1976 እ.ኤ.አ. ኤፍ ኤስ 60 የተባለውን ፎር ስትሮክ ለገበያ ካወጣ ወዲህ ብዙ ሰው የለመደው አሠራር ይኸው ነው። ስሙ ላይ 91 የሚል ካያችሁ 0.91 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ነው፤ ወደ 15 ሲሲ ይጠጋል። የሌላ ፋብሪካ ሞተር ካላችሁ ሐሳቡ አንድ ነው፣ ቁጥሩን ግን ከራሱ መመሪያ ውሰዱ።

ክፍተቱ ለምን ያስፈልጋል?

ካምሻፍቱ (ጉብታ ያለው ዘንግ) ታፔቱን (ጉብታው የሚገፋውን ትንሽ ክፍል) ይገፋል። ታፔቱ ፑሽ ሮዱን (ቀጭን መግፊያ ዘንግ) ወደ ላይ ይገፋል። ፑሽ ሮዱ ሮከሩን (መሐሉ ላይ የሚወዛወዘውን ክንድ) በአንድ ጫፍ ያነሳዋል። ሮከሩ በሌላው ጫፍ ቫልቩን ተጭኖ ይከፍታል። ካምሻፍቱ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ግማሽ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 5,000 ጊዜ ይከፈታል። በሰከንድ 83 ጊዜ ገደማ ማለት ነው።

ቫልቩ ሲዘጋ መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ማረፍ አለበት። ሮከሩ ትንሽ እንኳ ከተጫነው አያርፍም፤ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር) ያመልጣል። ስለዚህ ቫልቩ በተዘጋበት ሰዓት በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል ጥቂት አየር ይተዋል። በኦ.ኤስ. ሞተር ይህ ክፍተት ከ0.04 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ተራ የፕሪንተር ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.10 ይጠጋል። ከወረቀት የሳሳ ነገር ነው የምትለኩት።

ሞተሩ ለምን መቀዝቀዝ አለበት?

ሲሊንደሩና ቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋው ክፍል) አሉሚኒየም ናቸው። ፑሽ ሮዱ ብዙ ጊዜ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚሰፋው የብረትን እጥፍ ያህል ነው። 40 ሚሊ ሜትር ቁመት እንውሰድና ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ጨመረ እንበል። አሉሚኒየሙ በ0.09 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ብረቱ በ0.05 ገደማ። ልዩነቱ 0.04 ነው። ይህ ሞተሩ ስለሞቀ ብቻ በክፍተቱ ላይ የሚጨመር ነው።

አሁን ትኩስ ሞተር ላይ 0.04 አድርጋችሁ አሰራችሁ እንበል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አሉሚኒየሙ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክፍተቱ ያልቃል። ቫልቩ በሮከሩ ተይዞ ይቀራል።

ይህ እኔም ላይ ደርሷል። ሜዳ ላይ ከበረራ እንደወረደ፣ ጣቴን እያቃጠለኝ አስተካከልኩት። ከሰዓቱን በሙሉ በደንብ በረረ። በማግስቱ ጠዋት ፕሮፔለሩን ሳዞረው ኮምፕሬሽን የሚባል ነገር የለም፤ ፒስተን የሌለው ይመስል ይዞራል። የፒስተኑ ቀለበት ያለቀ መስሎኝ ሞተሩን ልፈታው ነበር። የጠበበው ክፍተቱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ አድሮ ካልሆነ ቫልቭ አልነካም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) 1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ትልልቆቹ ብሎኖች ላይ ደግሞ 3። የቫልቩን ማስተካከያ ብሎን ለሚቆልፈው ዳዶ የ5 ቁልፍ። ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) 0.04 እና 0.10። የመኪና ፊለር ጌጅ ብዙውን ጊዜ ከ0.05 ይጀምራል፤ እሱም ይሆናል፣ ልኩ ውስጥ ነው። የጥርስ ብሩሽ፣ አልኮል፣ ንጹሕ ጨርቅና ጥሩ መብራት ጨምሩ።

ብሩጎላው ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ርካሹ ጫፉ ቶሎ ይከብባል። የከበበ ብሩጎላ የብሎኑን ጭንቅላት ይበላል። የተበላ ብሎን ከትንሽ ሞተር ላይ ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጫፉ የተበላ ብሩጎላ ካላችሁ ጫፉን 2 ሚሊ ሜትር ያህል በመሳያ ድንጋይ (ሞላ) ቁረጡት፤ ከሥሩ አዲስ ጠርዝ ይወጣል።

ነዳጁን አውጡ። የካንዴላውን ባትሪ አርቁ። ይህ ካንዴላ እንደ መኪናው ብልጭታ የሚሰጥ አይደለም፤ ሽቦው ግሎ ነው የሚያቀጣጥለው። ባትሪው ተገናኝቶ፣ ውስጡ ጥቂት ነዳጅ ቀርቶ ፕሮፔለሩን ብታዞሩ ሞተሩ ሊነሣና ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ነዳጁ ሜታኖል ስለሆነ ቢቀጣጠልም እሳቱ በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም።

ከዚያ ሞተሩን ከውጭ እጠቡት። አሸዋና የተቃጠለ ዘይት በሮከሩ ክዳን ዙሪያ ተጋግሮ ይቀመጣል። ክዳኑን ስትከፍቱ ቀጥታ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

ደረጃ አንድ፦ ብሎኖቹ

ከቴስታታው ብሎኖች እንጀምር። ሮከሮቹ የተሰቀሉት ቴስታታው ላይ ነው። ቴስታታው ወደ ታች ሲጠብቅ፣ ጓርኒሲዮኑም (በመካከል ያለው ማሸጊያ) ትንሽ ሲጨመቅ፣ ሮከሮቹ ወደ ካምሻፍቱ ይቀርባሉ። ፑሽ ሮዱ ግን አላጠረም። ስለዚህ የቫልቩ ክፍተት ይጠባል። ቫልቩን አስተካክላችሁ ከዚያ ቴስታታውን ብታጠብቁ የለካችሁት ልክ ፈረሰ ማለት ነው። መጀመሪያ ብሎን የምለው ለዚህ ነው።

የብሎኑን ጭንቅላት ቀዳዳ በመርፌ ጫፍ አጽዱ። ዘይት የተጋገረበት ቀዳዳ ብሩጎላውን እስከ ታች አያስገባም። ብሩጎላው ቀጥ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋግጡ።

የምታጠብቁት በመስቀል ነው። አንዱን ነክታችሁ በአንጻሩ ወዳለው ትሻገራላችሁ። አምስት ብሎን ከሆነ ኮከብ እንደምትስሉ አንድ እየዘለላችሁ ሂዱ። በዙሪያው ተራ በተራ አትሂዱ፤ ቴስታታው በአንድ ጎን ይጋደላል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ዙር ስምንተኛ እጅ በላይ አታዙሩ። ብዙውን ጊዜ ብሎኑ እምቢ ይላል፤ ጠብቋል ማለት ነውና ተዉት። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ከሆነ ሁሉንም ብሎኖች ሦስት ጊዜ ተመላለሱባቸው። አንደኛው እስኪነካ ብቻ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው መጨረሻው።

ምን ያህል ይጥበቅ? ከሥራው ሁሉ በጽሑፍ ለማስረዳት የሚከብደው ይህ ነው። ብሎኑ ብረት ነው፣ የገባበት ጥርስ ግን አሉሚኒየም ነው። ሁሌም የሚሸነፈው አሉሚኒየሙ ነው። ብሩጎላውን ረጅሙን ጎን ቀዳዳው ውስጥ ከታችሁ በአጭሩ ጎን አዙሩ። በሁለት ጣት የሚመጣው ኃይል ይበቃል። ብሩጎላው ራሱ ትንሽ ሲጠማዘዝ ከተሰማችሁ አቁሙ። ብሎኑ ጠንክሮ መጥቶ ድንገት ከቀለለ ጥርሱ እየሄደ ነው፤ አንዲት ሩብ ዙር እንኳ አትጨምሩ።

ለመፍታት እምቢ ያለ ብሎን ካለ ኃይል አትጨምሩ። ነዳጁ ውስጥ የሚገባው የካስተር (የጉሎ) ዘይት ሲቃጠል እንደ ማጣበቂያ ይይዛል። በጸጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ አየር አሙቁት፣ ያን ጊዜ ይለቃል። ለመፍታት ማሞቅ ይቻላል። ማጥበቅ ግን ቀዝቅዞ ነው።

የሳይቶ ፋብሪካ ሞተር ያላችሁ እዚህ ላይ ዕድለኞች ናችሁ። አብዛኛው ሳይቶ ቴስታታውና ሲሊንደሩ አንድ ወጥ ነው፤ የሚጠብቅ የቴስታታ ብሎን የለውም። ሲሊንደሩን ከታች የያዙትን ብሎኖች ግን አትርሱ።

ቀጥላችሁ የኋላውን ክዳን፣ የካምሻፍቱን ክዳን፣ ካርቡሬተሩን የያዙትን ብሎኖች ፈትሹ። ከካርቡሬተሩ ወደ ቴስታታው የሚሄደውን የመቀበያ ቱቦ ጊዜ ወስዳችሁ እዩ። እዚያ አየር ከገባ ሞተሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ አይረጋጋም፤ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ሰው ደግሞ ያን ጊዜ የነዳጅ መርፌውን ሲያዞር ይውላል። ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) እንደዚሁ። በሙቀትና በንዝረት ስለሚላላ ከየበረራው በኋላ መቆለፊያ ዳዶውን ንኩት።

ደረጃ ሁለት፦ ቫልቩ

የሮከሩን ክዳን ሁለት ብሎኖች ፍቱ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አንሡ፤ ጓርኒሲዮኑ ተጣብቆ ሊቀደድ ይችላል። ብሎኖቹን ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ሳር ላይ ከወደቁ አታገኟቸውም።

አሁን ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበትን ቦታ መፈለግ አለባችሁ። ካንዴላውን አትፍቱ፣ ኮምፕሬሽኑ ያስፈልጋችኋል። ፕሮፔለሩን ከፊት ሆናችሁ ስታዩት ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። እጃችሁን የሚገፋ ኮምፕሬሽን ሲሰማችሁ አቁሙ። ከዚያ ሩብ ዙር ያህል ጨምሩ። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ነው፤ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል።

እዚህ ቦታ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። ፒስተኑ ጫፍ የሚደርሰው በአንድ ሙሉ ሥራ ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ አሁን ያልኩት ነው። ሌላው ጭሱ ወጥቶ አዲስ ነዳጅ የሚገባበት ነው። በዚያኛው ሁለቱም ቫልቮች ትንሽ ተከፍተዋል፣ ክፍተት የሚባል የለም። እዚያ ላይ ሆናችሁ ክፍተት ብታወጡ ቫልቩ በሥራ ላይ በቅጡ አይከፈትም። መለያው ቀላል ነው። ፕሮፔለሩን ትንሽ ወዲያና ወዲህ አድርጉት። ሮከሮቹ ከተንቀሳቀሱ ቦታው ስህተት ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። ዝም ካሉና በጣት ሲነኩ ኪ ኪ የሚል ጥቂት ልቅነት ካላቸው ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ።

ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ። የሮከሩን ጫፍና ፊለሩን ከዘይት ጥረጉ፤ የዘይት ሽፋን በዚህ ልክ ውስጥ ያሳስታል። 0.04ቱ ገብቶ 0.10ሩ ካልገባ ደህና ነው። አትንኩት። ደህና የሆነን ቫልቭ ማስተካከል ጥቅም የለውም፤ መቆለፊያ ዳዶውን ያለ ምክንያት ያደክማል።

0.04ቱ ካልገባ ወይም 0.10ሩ ከገባ እንዲህ አድርጉ።

በ5 ቁልፍ መቆለፊያ ዳዶውን ግማሽ ዙር ፍቱ። በ1.5 ብሩጎላ መሐል ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ግማሽ ዙር ያህል ወደ ግራ መልሱ። 0.04ቱን ፊለር በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል አስገቡ። ፊለሩ እንደ ቅጠል የሳሳ ስለሆነ ይታጠፋል፤ በጠባቡ ቆርጣችሁ ብትጠቀሙ ይሻላል። ከዚያ ማስተካከያዋን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ። ስትነካ ይታወቃችኋል። እዚያው ቁሙ። ከዚያ አልፋችሁ ከገፋችሁ የቫልቩን ስፕሪንግ መጫን ጀመራችሁ ማለት ነው።

ዳዶውን ስትቆልፉ ብሩጎላውን በሌላው እጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙ። ዳዶው ሲዞር ብሎኗን ይዟት ይሄዳል፤ የሚወስዳት ደግሞ ወደ ቀኝ፣ ክፍተቱን ወደሚያጠብብበት ነው። ሰው ልኬ ተበላሸ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ፊለሩን ሳታወጡ ቆልፉ። ከቆለፋችሁ በኋላ ፊለሩ ጥቂት እየያዘ ከወጣ ጥሩ። ተነክሶ ከቀረ አትጎትቱት፣ ይቀደዳል። ዳዶውን ፍቱና እንደገና ጀምሩ። ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ያለ ነው።

ስሜቱን ለማወቅ የሚረዳ ሒሳብ ልስጣችሁ። ማስተካከያዋ ጥርሷ 0.45 ሚሊ ሜትር የሚራመድ ኤም 2.5 (2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት) ከሆነች አንድ ሙሉ ዙር 0.45 ይከፍታል። የአንድ ዙር ስምንተኛ እጅ 0.06 ገደማ ነው። ስለዚህ ከጠባቡ ወደ ሰፊው ልክ ለመድረስ የምታዞሩት በሰዓት ላይ ስምንት ደቂቃ የምታህል ብቻ ነው።

ሌላውንም ቫልቭ እንዲሁ አድርጉ። ከዚያ ፕሮፔለሩን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፤ ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ዞሮ ቦታው ይመለሳል። እንደገና ለኩ። ይህን ሁለተኛ ልኬት አትዝለሉ። ፑሽ ሮዱ ታፔቱ ላይ በቅጡ የሚቀመጠው ከዞረ በኋላ ነው።

ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ሮከሮቹ ላይ አንዳንድ ጠብታ ዘይት ጣሉና ክዳኑን መልሱ። የክዳኑ ብሎኖች ትናንሽ ናቸው። ጓርኒሲዮኑ እስኪጨመቅ ብቻ።

ሞተሩ ራሱ ምን ይላል?

ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ ይንጫጫል። ብረት በብረት እንደሚመታ ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ አለው። ቫልቩ ዘግይቶ ስለሚከፈትና ቶሎ ስለሚዘጋ ጉልበትም ይቀንሳል። ሲጠብ ግን ዝም ብሎ ነው የሚያታልለው። ለማስነሣት ያስቸግራል፣ ሲቀንስ ይጠፋል፣ ፕሮፔለሩ ሲዞር ይቀላል። የጠበበው የበለጠ ይጎዳል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ባረፈባት ጊዜ ነው። ካላረፈ ይቃጠላል።

የትኛው ቫልቭ እንደሚያስተነፍስ በጆሮ ይታወቃል። ፕሮፔለሩን ኮምፕሬሽኑ ላይ ያዙትና አድምጡ። ካርቡሬተሩ በኩል እስ ካለ መግቢያው ነው። ማርሚታው በኩል ከሆነ መውጫው።

አዲስ አበባ ላይ የምትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከውጭ ያመጣችሁት ሞተር እዚህ ኮምፕሬሽኑ ላላ ብሎ ቢሰማችሁ ቫልቩን አትጠርጥሩ። አየሩ ነው። ኮምፕሬሽኑ ላይ ያዙትና ጥቂት ሰከንድ ከጠበቀ ደህና ነው።

ፕሮፔለሩና ማሰሪያው

የፕሮፔለሩን ዳዶ በትክክለኛ ቁልፍ አጥብቁ። ፒንሳ አይሆንም። ፎር ስትሮክ ሲነሣ አንዳንዴ ወደ ኋላ ይመታል፣ ያን ጊዜ ዳዶው ይላላል። ለዚህ ነው ሁለተኛ መቆለፊያ ዳዶ የሚመጣለት። አትተዉት። የእንጨት ፕሮፔለር ከሆነ ሜዳ በሄዳችሁ ቁጥር አጥብቁት፤ እንጨት በደረቅ አየር ይሟሽሻል። ሞተሩ ሲሠራ ከፕሮፔለሩ ፊትና ጎን ማንም እንዳይቆም አድርጉ። ነዳጅ መርፌውን ከኋላ ሆናችሁ አስተካክሉ።

ሞተሩን ማሰሪያው ላይ የያዙት ብሎኖች ብረት በብረት ከሆኑ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ጥርሱን በአልኮል አጽዱ፣ ዘይት ላይ አይዝም። ፕላስቲክ ማሰሪያ ላይ ግን እንዳይነካ፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። የቴስታታ ብሎን ላይም አያስፈልግም። ማሰሪያው የተበሳበትን የፊት እንጨትም በጣት ጫን ጫን አድርጉት። ነዳጅ ጠጥቶ ከለሰለሰ የትኛውም ብሎን ጠብቆ አይቆይም።

መቼ መቼ?

ሞተሩ አዲስ ከሆነ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ብሎኑንም ቫልቩንም ፈትሹ። ብዙው ለውጥ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ክፍሎቹ እርስ በርስ ይለማመዳሉ፣ ጓርኒሲዮኑም ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እኔ የምለካው የበረራ ወቅት ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ሞተሩ ከተፈታ፣ አውሮፕላኑ ከወደቀ፣ ወይም ድምፁ ከተለወጠብኝ ነው።

የለካችሁትን ጻፉ። ቀኑን፣ የመግቢያውን፣ የመውጫውን። ሦስት አራት ልኬት ሲጠራቀም ቁጥሮቹ መናገር ይጀምራሉ። የአንዱ ቫልቭ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ከመጣ ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ነው። እየሰፋ ከሄደ ደግሞ ሮከሩ፣ ፑሽ ሮዱ፣ ታፔቱ ወይም ካሙ እየተበላ ነው። ያን ጊዜ ማስተካከያዋን ማዞር አቁማችሁ ሞተሩን ፍቱት።